ካራክተር አክተር ምንድን ነው?

ፊልም አይተን ስንወጣ «ያ ሰውዬ ግን ማን ነው?» የምንልለት ተዋናይ አለ። ፊቱን እናውቀዋለን። ባለፈው ባየነው ፊልም ቄስ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ወንጀለኛ ሆኖ መጣ። ስሙ ግን አፋችን ላይ አይገኝም። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ተዋናይ ካራክተር አክተር ይሉታል። በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ «ደጋፊ ተዋናይ» ወይም «አጃቢ» ይባላል፤ እኔ ግን ይህ አጠራር ሙያውን ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። «ደጋፊ» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለ ሚናው ስፋት ብቻ ነው። ካራክተር አክተር የሚለው ግን ስለ ሥራው ዐይነት ይናገራል፤ አንድ ሰው በታሪኩ ውስጥ የሚታየው ለ5 ደቂቃም ይሁን ለ2 ሰዓት፣ የራሱን ማንነት ትቶ የሌላውን ባሕርይ መልበሱን። አማርኛችን ለዚህ የሚሆን ግሩም ቃል አለው፤ ገጸ ባሕርይ። ገጽ ፊት ነው፤ ባሕርይ ሲደመርበት የማይታየው ጠባይ የሚታይበት ፊት ይሆናል። ካራክተር አክተር ማለት በትክክል ይህንን ፊት የሚያበጅ ሰው ነው።

ልዩነቱን በልብስ ስፌት ማስረዳት ይቻላል። ለኮከብ ተዋናይ ሚናው በልኩ ይሰፋለታል፤ ተመልካቹ የሚከፍለው እርሱን ለማየት ነውና። ካራክተር አክተር ግን አስቀድሞ ተሰፍቶ የተቀመጠ ልብስ ይሰጠዋል፤ እርሱ ራሱ በልብሱ ልክ ይሰፋል ወይም ይጠባል እንጂ ልብሱን አይቀይርም።

ነገሩ ከድሮው የእንግሊዝ ቴአትር ይጀምራል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የቴአትር ቡድኖች ተዋናዮቻቸውን በሚና ዐይነት ይቀጥሩ ነበር፤ መሪው ተዋናይ፣ ወጣቱ አፍቃሪ፣ ክፉው ሰው፣ አስቂኙ፣ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ እየተባለ። ከዋናዎቹ ፍቅረኞች ውጪ ያሉት ሁሉ በኋላ የካራክተር ሚና የተባሉት ናቸው። ቀጥሎ የሪፐርቶሪ ቴአትሮች መጡ። በማንችስተር አኒ ሆርኒማን የመሠረተችው በ1908 ጌይቲ በተባለው ቴአትር ቤት ሥራ ጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሊቨርፑል በ1911፣ በርሚንግሃም በ1913 ተከተሉ። በዚህ አሠራር አንድ ቋሚ ቡድን ተውኔት እየቀያየረ ያቀርባል። በብዙ ከተሞች ማታ የአንዱን ሳምንት ተውኔት እየተጫወቱ ቀን ቀን የሚቀጥለውን ይለማመዱ ነበር። የ25 ዓመት ወጣት በዚህ ሳምንት ጡረተኛ ኮሎኔል፣ በሚቀጥለው አሽከር፣ ከዚያ ዳኛ መሆን ግዴታው ነበር። እንግሊዝ ሌላው ዓለም የሚቀናባቸውን ካራክተር አክተሮች ያፈራችው በዚህ ወፍጮ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆሊዉድ በበኩሉ ለዚህ ሙያ ክብር ለመስጠት ዘግይቷል። የኦስካር የደጋፊ ተዋናይ ሽልማት የተጀመረው ለ1936 ፊልሞች ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሸናፊዎቹ የሚሰጣቸው ታዋቂው ሐውልት ሳይሆን ሰሌዳ ነበር።

ሙያውን በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይሻላል፤ እኔ የምመርጠው ፒት ፖስልትዌይትን ነው። በ1946 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በዎሪንግተን ከሠራተኛ ካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። ቄስ ለመሆን አስቦ ነበር፤ በኋላ መምህር ሆኖ በማንችስተር ድራማ አስተማረ። ከዚያ ብሪስቶል ኦልድ ቪክ የቴአትር ትምህርት ቤት ገባ። ጉንጮቹ እንደ ድንጋይ የወጡ፣ አፍንጫው ሰፊ፣ ዐይኖቹ ጠልቀው የሚያዩ ሰው ነበር። በዚህ ፊት ወጣት አፍቃሪ መሆን አይታሰብም። በዚያ ላይ የቤተሰቡ ስም ለእንግሊዞችም ምላስ የሚከብድ ነው፤ ቀይር ቢሉትም እምቢ አለ።

በ1970ዎቹ የሊቨርፑሉ ኤቭሪማን ቴአትር አባል ሆነ። ኤቭሪማን በ1964 በአሮጌ የጸሎት ቤት ሕንፃ የተከፈተ፣ ለከተማው ነዋሪ ስለ ከተማው ኑሮ የሚጫወት ቴአትር ነበር። በዚያ ዘመን ጁሊ ዋልተርስ፣ ጆናታን ፕራይስ፣ ቢል ናይ እና አንቶኒ ሼር እዚያው ይሠሩ ነበር። እንደዚህ ያለ ቡድን እንዴት በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰበ ብሎ መገረም ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ዕድል ብቻ አይደለም። ኤቭሪማን መልከ መልካም አይፈልግም ነበር። የወደብ ሠራተኛን፣ የጎረቤት ሴትን፣ የቡና ቤት ደንበኛን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያውቁ ተመልካቾች ፊት የሚቀመጡበት ቦታ ስለነበር፣ የውሸት ገጽ ወዲያው ይያዛል። ፖስልትዌይት ከዚያ ወደ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ሄዶ በ1980ዎቹ ሠራ።

በፊልም ስሙ በሰፊው የተጠራው በ1988 በቴረንስ ዴቪስ «ዲስታንት ቮይስስ፣ ስቲል ላይቭስ» ነው። ዴቪስ የልጅነቱን የሊቨርፑል ቤት ያስታወሰበት ፊልም ሲሆን፣ ፖስልትዌይት ቤተሰቡን የሚያሸብረውን አባት ይጫወታል። የካራክተር አክተር ጥበብ ምን እንደሆነ ለመረዳት የገና ዋዜማውን ክፍል ማየት ይበቃል። አባትየው ልጆቹ ተኝተው ሳለ በእርጋታ ስጦታቸውን አልጋቸው ላይ ያስቀምጣል፤ ፊቱ ላይ የምር ፍቅር አለ። ቀጥሎ በገና ማዕድ ዙሪያ ሁሉም ተቀምጠው ሳለ የጠረጴዛውን ልብስ ከነምግቡ ጎትቶ ይጥለዋል፣ አንሺው ብሎም ይጮኻል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን በሁለቱ መካከል ማብራሪያ ይሰጠን ነበር፤ ክፉ እንዲሆን ያደረገውን በፊቱ ሊነግረን ይሞክር ነበር። ፖስልትዌይት ምንም አያስረዳም። ሁለቱም የአንድ ሰው ገጾች ናቸው፤ ልጆቹም ያደጉት ማብራሪያ ሳይሰጣቸው ነው።

ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ አባት ተጫወተ። «ኢን ዘ ኔም ኦቭ ዘ ፋዘር» በ1974 በጊልፎርድ መጠጥ ቤቶች ላይ በደረሰው ፍንዳታ በሐሰት ስለተከሰሱ ሰዎች ይተርካል። ፖስልትዌይት የተጫወተው አባት፣ ጁሴፔ ኮንለን፣ የታሰረ ልጁን ሊረዳ ከቤልፋስት ወደ ለንደን መጥቶ ራሱ ታሰረ፤ ነጻነቱን ሳያይም በ1980 በእስር ላይ እያለ ሞተ። ፊልሙ አባትና ልጅን በአንድ ክፍል ያሳስራቸዋል፤ ይህ በእውነተኛው ታሪክ የሌለ ነው፤ ፊልሙ ግን ልቡ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ልጁን የተጫወተው ዳንኤል ዴይ ሉዊስ ሲጮኽ፣ ሲያለቅስ፣ ግድግዳ ሲመታ፣ ፖስልትዌይት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ትከሻው ጠቧል፣ ትንፋሹ አጥሯል፣ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። የልጁ ቁጣ የሚገባን በአባትየው ዝምታ ላይ ሲያርፍ ነው። በዚህ ሚና ለኦስካር ታጨ፤ ሽልማቱን ቶሚ ሊ ጆንስ ወሰደው።

ማዳመጥ ያልኩትን ልድገመው፤ የዚህ ሙያ ግማሹ እርሱ ነውና። በ1996 በተሠራው «ብራስድ ኦፍ» ውስጥ የማዕድን ሠራተኞች የሙዚቃ ባንድ መሪ ሆኖ ይጫወታል። የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ሊዘጋ ነው፤ ሳምባው በአቧራ ተበልቷል። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጓደኞቹ በጨለማ፣ የማዕድን ቆብ መብራታቸውን እንዳበሩ፣ ከመስኮቱ ሥር ይጫወቱለታል። እርሱ ከአልጋው ሆኖ ከመስማት ሌላ የሚሠራው የለም። ሰውየው ለሙዚቃ የኖረ መሆኑን የምናውቀው ግን በዚያች ሰዓት ነው።

የኛ አገር ተመልካች በብዛት የሚያስታውሰው ምናልባት በ1997 በስቲቨን ስፒልበርግ የዳይኖሰር ፊልም ራሰ በራው አዳኝ ሆኖ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በዚያ ፊልም ነው፤ ከዳይኖሰሮቹ ይልቅ እርሱ ሲናገር ቤቱ ጸጥ ይል እንደነበር አልረሳውም። ስፒልበርግ የዓለም ምርጡ ተዋናይ ብሎታል እየተባለ ሲወራ፣ ፖስልትዌይት እየሳቀ ያስተባብል ነበር፤ ስፒልበርግ ያለው «ፒት ራሱን የዓለም ምርጥ ተዋናይ አድርጎ ያስባል» ነው እያለ።

ሰውየው ዝና ካገኘ በኋላም መድረኩን አልተወም። በ2008 በ62 ዓመቱ ወደ ኤቭሪማን ተመልሶ የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር ተጫወተ። በወጣትነቱ ትንንሽ ሚናዎችን እየቀያየረ ባደገበት መድረክ ላይ፣ የእንግሊዝ ቴአትር ካሉት ሁሉ ከባዱን የሽማግሌ ሚና። ካራክተር አክተር ከኮከቡ የሚሻልበት አንድ ነገር ይህ ነው፤ ዕድሜ ሥራ አይወስድበትም፣ ይጨምርለታል እንጂ።

በ2010፣ ታምሞ ሳለ፣ በ«ኢንሴፕሽን» ታየ። በሕልም ላይ ሕልም የተደራረበበት፣ ከተማ የሚታጠፍበት ፊልም ነው። ያ ሁሉ ግንብ ግን የሚደርሰው ወደ አንድ ክፍል ነው፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለ አባት፣ ፖስልትዌይት፣ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ ልጁም ከጎኑ ተንበርክኳል። አባትየው የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው፣ ድምፁም ሊሰማ ምንም አልቀረው። እጁን በቀስታ አንሥቶ አጠገቡ ወዳለው ካዝና ያመለክታል። ፖስልትዌይት በጥር 2011 መጀመሪያ በ64 ዓመቱ በካንሰር ሞተ።