«ሰላም ደግሞ ይጠናል እንዴ?»

የጎረቤታችን ልጅ ፍሬሽማን ጨርሶ ደሴ መጥቷል። «ሰላምና ግጭት ጥናት ልመርጥ ነው» ሲል ቡና ላይ የነበረው ሁሉ ተንጫጫበት። የተባለውን እያነሳሁ ልመልስ። ለሱም ለእኩዮቹም ይጠቅማል።

«ተኩስ ከሌለ ሰላም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምኑ ይጠናል?» ያሉት እናቱ ናቸው። አልፈርድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ያየ ሰው ሌላ ምን ይመኛል? ትምህርቱ የሚጀምረው ግን እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ኖርዌያዊው የሰላም ተመራማሪ ዮሐን ጋልቱንግ ጦርነት አለመኖሩን ብቻ «አሉታዊ ሰላም» ብሎታል። ፍትሕና በቂ ኑሮ ሲጨመርበት «አዎንታዊ ሰላም» ይሆናል። ማንም ሳይተኩስ ሥርዓቱ ራሱ ሰው ሲጎዳ ደግሞ «መዋቅራዊ ጥቃት» ይባላል።

ለወሎ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። የ1965 እና የ1966ቱን ረሃብ አስቡት። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን መረጃውን ሲመረምር፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልጨመረ አገኘ። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። ማሳው የደረቀበትና ከብቱ ያለቀበት ሰው ግን መግዣ አልነበረውም። መንግሥትም ነገሩን ደበቀው። ጥይት አልጮኸም፤ ሕዝብ ግን አለቀ። ያን ጊዜ ሰላም ነበር እንበል? እኔ አልልም።

አጎቱ ደግሞ «ሽምግልና ከአባት ይወረሳል እንጂ ከደብተር አይገኝም» አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ራያ ቆቦ ላይ ዘወልድ፣ ደቡብ ወሎ ላይ አባጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ። ደም የሚያደርቁት እነሱ ናቸው። ተማሪው ሊተካቸው አይሄድም። ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ይመዘግባል። አንዱ ዕርቅ ለልጅ ልጅ ሲተርፍ ሌላው በዓመቱ የሚፈርሰው ለምንድን ነው? ሴቶችስ ይሰማሉ ወይ? ያልተጻፈ ዕውቀት ከሽማግሌው ጋር አፈር ይገባል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

«የዘመኑ ፋሽን ነው» ላለው ባጭሩ፦ አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ማንቸስተር ኮሌጅ የሰላም ጥናትን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው።

አባቱ የጠየቁት ሥራውን ነው። ልክ ናቸው። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ የዚህ ትምህርት ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ግን በ2011 ዓ.ም. የሰላም ሚኒስቴር ተቋቁሟል፤ በዕርዳታና በልማት ድርጅቶችም ግጭትን አጥንቶ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። ዲግሪው ብቻውን ግን አይበቃም። እኔ ብሆን ስታትስቲክስ እጨምርበታለሁ፣ ከዚያ ኦሮምኛና አፋርኛ። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ አንድ ላይ ይውላል። እዚያ ጠብ ሲነሳ ሁሉንም በየቋንቋው የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል።