ጨዋ፣ ጨዋታ እና ተረብ፦ ስለ ክሪኬት ስሌጂንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክሪኬትን በሩቁ የሚያውቅ ሰው በአእምሮው የሚመጣለት ነጭ ልብስ፣ የሻይ እረፍት እና «የጨዋዎች ጨዋታ» የሚለው አባባል ነው። ቀረብ ብሎ ያየ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማል። ከመቺው ጀርባ የሚቆመው ዊኬት ጠባቂ አፉ አያርፍም። ኳስ በተወረወረ ቁጥር አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። ይሄ «ስሌጂንግ» ይባላል፦ ተጋጣሚን በቃል መነካካት፣ ሐሳቡን መበተን። ስለዚህ ጉዳይ ከሚወራው ብዙው ግማሽ እውነት ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ድሮ ንጹህ ጨዋታ ነበር፤ የዛሬ ልጆች ናቸው ያበላሹት»

የትኛው ድሮ? 1882ን እንውሰድ። ለንደን፣ ኦቫል ሜዳ፣ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ። ሳሚ ጆንስ የሚባል ወጣት አውስትራሊያዊ መቺ ጨዋታው ለጊዜው የቆመ መሰለው። ከመስመሩ ወጥቶ መሬቱን በዱላው መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ደብሊው ጂ ግሬስ፣ ያ ባለ ረጅም ጢሙ ስመ ጥር እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ኳሱን እንደያዘ ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ዘንጎች ነካ። ጆንስ ከመስመሩ ውጪ ስለነበር ወጣ፣ ማለትም ከመምታት ተሰናበተ፣ ተባለ። ሕግ አልተጣሰም፣ ማንም ማንንም አልሰደበም። የአውስትራሊያው ወርዋሪ ፍሬድ ስፖፎርዝ ግን ደሙ ፈላ።

እንግሊዝ ለማሸነፍ የሚያስፈልጋት 85 ነጥብ ብቻ ነበር። 77 ላይ አለቀላት። ስፖፎርዝ ብቻውን ሰባት መቺ አስወጣ። አንድ ጋዜጣ «የእንግሊዝ ክሪኬት ሞቷል፤ ሬሳው ይቃጠልና አመዱ ወደ አውስትራሊያ ይወሰዳል» ብሎ አላገጠ። የሁለቱ አገሮች ፉክክር እስከ ዛሬ «አሽስ»፣ አመድ ማለት ነው፣ የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ከክሪኬት ትልቁ ፉክክር ልደት በስተጀርባ አንድ ሕጋዊ ብልጠት አለ።

ግሬስ ለእኔ ገና ቀላሉ ነው። ከባዱ የመጣው በ1932 እና 33 ነው። ዶን ብራድማን የሚባል አውስትራሊያዊ የሚያቆመው ጠፋ። የእንግሊዙ አምበል ዳግላስ ጃርዲን መላ ዘየደ፦ ፈጣን ወርዋሪዎቹ ኳሱን ወደ መቺው አካል እንዲያነጥሩ፣ ቀላቢዎቹ ደግሞ በእግሩ በኩል ተሰብስበው እንዲጠብቁ አደረገ። «ቦዲላይን» ተባለ። በጥር 1933 አደሌድ ላይ የሃሮልድ ላርዉድ ኳስ የአውስትራሊያውን አምበል ቢል ዉድፉልን ልቡ ላይ መታው። ሰውየው ዱላውን ጥሎ ደረቱን ያዘ። ጃርዲን ያኔ ምን አለ? «ጥሩ ወረወርክ፣ ሃሮልድ።» በቃ። ሌላኛው ጫፍ ላይ ቆሞ የነበረው ብራድማን እንዲሰማው ነው ይባላል።

ይህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም። እኔ ግን ካነበብኳቸው ስሌጂንጎች ሁሉ ይቺን የሚያህል ቀዝቃዛ አላየሁም። በኋላ የእንግሊዝ ቡድን መሪ ሊጠይቀው መልበሻ ክፍል ሲገባ፣ ዉድፉል «ሜዳው ላይ ሁለት ቡድን አለ፤ አንዱ ክሪኬት ለመጫወት ይሞክራል፣ ሌላው አይሞክርም» ብሎ መለሰው።

«ስሌጂንግ ማለት ስድብ ነው»

እኛ ለዚህ ጉዳይ ቃል አላጣንም። ተረብ አለ፣ አሽሙር አለ፣ ለከፋ አለ፣ ስድብ አለ። ስሌጂንግ አራቱንም ጠቅልሎ ይይዛል፤ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው። አንዱ ስለ ተረብ ያወራል፣ ሌላው ስለ ስድብ ይመልስለታል።

የቃሉ አመጣጥ ራሱ ያስቃል። የቀድሞው የአውስትራሊያ አምበል ኢያን ቻፔል እንደሚያወራው፣ በ1960ዎቹ አደሌድ ውስጥ አንድ ተጫዋች ሴት ባለችበት ያልሆነ ቃል አመለጠው። «አቤት ለዘብ ማለትህ፣ እንደ መዶሻ!» ዓይነት ነገር ተባለ። ያ ትልቁ መዶሻ በእንግሊዝኛ «ስሌጅሀመር» ነው። ሲጀመር ከተጋጣሚ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም ማለት ነው።

ተረቡ ሲያምር ምን እንደሚመስል ለማየት ታኅሣሥ 2018 ሜልቦርን ጥሩ ነው። የአውስትራሊያው አምበልና ዊኬት ጠባቂ ቲም ፔን ወጣቱን ህንዳዊ መቺ ሪሻብ ፓንትን ሙድ ያዘበት። ትልቁ ዶኒ፣ ስመ ጥሩ የህንድ ዊኬት ጠባቂ፣ ወደ አንድ ቀን ጨዋታው ቡድን ስለተመለሰ አንተ ሥራ ፈት ነህ፣ ልጅ ትጠብቃለህ ወይ? እኔ ሚስቴን ሲኒማ ልወስዳት። ፓንትም ዝም አላለም። ፔን ሊመታ ሲገባ «ጊዜያዊ አምበል» እያለ ተረበው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በአዲስ ዓመት ግብዣ ላይ፣ ፓንት የፔንን ልጅ ታቅፎ ከሚስቱ ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ፓንትን አትርሱት፤ ይመለሳል።

«እነዚያ ታዋቂ አባባሎች በእርግጥ ተብለዋል»

ብዙዎቹ ከጨዋታው በኋላ የተቀመሙ ናቸው። በ1999 የዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካዊው ኸርሼል ጊብስ የአውስትራሊያውን አምበል የስቲቭ ዋውን ኳስ ቀለበ፣ ከዚያ በደስታ ወደ ላይ ሊወረውር ሲል ከእጁ ወደቀ። ዋው ያኔ 56 ላይ ነበር፤ 120 ደርሶ ሳይወጣ ጨረሰ። «የዓለም ዋንጫውን ነው የጣልከው» አለው ተብሎ ዓለም ሁሉ ያወራል። ዋው ራሱ እንደዚያ አላልኩም ብሏል። አባባሉ ግን ከባለቤቱ ምስክርነት በላይ ዕድሜ አግኝቷል።

«ስሌጂንግ ይሠራል፤ ተጋጣሚን ያፈርሳል»

አንዳንዴ። መቺ ኳሱን የሚያይበት ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ስለ ሌላ ነገር ካሰበ አበቃለት። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ተናጋሪውም ሥራ ያለው መሆኑ ነው።

ጥር 2021፣ ሲድኒ። የጨዋታው የመጨረሻ ቀን። ህንዶቹ ራቪቻንድራን አሽዊን እና ሀኑማ ቪሃሪ እኩል ለመውጣት ተጣብቀዋል። አንዱ ወገቡን አሞታል፣ ሌላው ጭኑ ተጎድቶ መሮጥ አቅቶታል። አይወጡም። ፔን ከጀርባ ሆኖ ተናደደ። «ጋባ ላይ እስክናገኝህ ቸኩያለሁ» አለው አሽዊንን። ጋባ የሚቀጥለው ጨዋታ የሚካሄድበት የብሪዝበን ሜዳ ነው፤ አውስትራሊያ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከ1988 ወዲህ እዚያ በቴስት፣ በአምስት ቀኑ ጨዋታ፣ ተሸንፋ አታውቅም ነበር። አሽዊንም ወደ ህንድ ስትመጣ የመጨረሻህ ይሆናል ብሎ መለሰ። ፔን ወደ ስድብ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ የቪሃሪ ኳስ ወደ እጁ መጣች፤ ሳይቀልባት ቀረ። በዚያ ቀን ያመለጠችው ሦስተኛ ኳስ ነበረች። ጨዋታው በእኩል አለቀ። ፔን በማግሥቱ ሞኝ መሰልኩ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ጋባስ? ህንድ 328 ነጥብ አሳዳ አሸነፈች። 89 ነጥብ ይዞ ሳይወጣ የጨረሰው ያ «ልጅ ጠባቂ» ነበር፣ ፓንት።

ዩቭራጅ ሲንግም አለ። 2007 ደርባን ላይ እንግሊዛዊው አንድሩ ፍሊንቶፍ ነገር ፈለገው። ዩቭራጅ ንዴቱን ያወጣው በስቱዋርት ብሮድ ላይ ነው፤ ስድስት ኳስ፣ ስድስቱም ከሜዳ ውጪ። ምስኪኑ ብሮድ በጠቡ ውስጥ አልነበረበትም።

«ሜዳ ላይ የተባለ ሜዳ ላይ ይቀራል»

አይቀርም። ዘንጎቹ ውስጥ ማይክሮፎን አለ። በ2013 የአውስትራሊያው አምበል ማይክል ክላርክ ለእንግሊዛዊው ጄምስ አንደርሰን ክንድህ ለመሰበር ይዘጋጅ ያለው በዚሁ ማይክ ተሰምቶ ከጨዋታው ክፍያ 20 በመቶ ተቀጣ። ሰርፈራዝ አህመድ ደግሞ የባሰውን አደረገ። በ2019 ደርባን ላይ የፓኪስታን አምበል ሆኖ፣ ደቡብ አፍሪካዊውን መቺ አንዲሌ ፌሉክዋዮን በቆዳ ቀለሙ ነካው። የተናገረው በኡርዱ ስለሆነ መቺው አልገባውም። ማይኩ ግን ቀርጾታል። አራት ጨዋታ ታገደ፤ ሄዶም ፊት ለፊት ይቅርታ ጠየቀ።

ሕጉም ቢሆን ባዶ አይደለም። የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ጥፋቶችን በአራት ደረጃ ይከፍላል። ከ2016 ጀምሮ የጥፋት ነጥብ ይያዛል፤ በ24 ወር ውስጥ አራት የደረሰ ይታገዳል። በቃል ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 2024 ቪራት ኮህሊ ገና ጀማሪ የነበረውን ሳም ኮንስታስን በትከሻው ስለገጨ 20 በመቶ ክፍያና አንድ ነጥብ ከፍሏል። ለእንደ ኮህሊ ዓይነት ሀብታም 20 በመቶ ምን ያደርገዋል ብትሉኝ መልስ የለኝም።

«ጠበኛ ያልሆነ ቡድን አያሸንፍም»

ኒውዚላንድን ተመልከቱ። በኅዳር 2014 አውስትራሊያዊው ፊሊፕ ሂዩዝ ሲድኒ ላይ አንገቱን በኳስ ተመትቶ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ኒውዚላንዶች ያኔ ሻርጃ ላይ ከፓኪስታን ጋር እየተጫወቱ ነበር። ጨዋታው ሲቀጥል ማንም መጫወት የፈለገ አይመስልም ነበር። ወደ ጭንቅላት የሚነጥር ኳስ አልወረወሩም። መቺ ሲያስወጡም አልጨፈሩም። አሸነፉ፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። አምበሉ ብሬንደን ማኩለም ቡድኑ ከዚያ ወዲህ ስሌጂንግ እንደተወ ተናግሯል። በ2015 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ፣ በ2019 ደግመው ደረሱ፣ በ2021 የመጀመሪያውን የቴስት ሻምፒዮና ዋንጫ ወሰዱ። ዝም ስላሉ አሸነፉ አልልም። ዝም ማለታቸው ግን ከማሸነፍ አላገዳቸውም።

«ሕጉ ከፈቀደው ጨዋነት ነው»

ይሄኛው ነው የሚያጣላው። የካቲት 1 ቀን 1981፣ ሜልቦርን። ኒውዚላንድ እኩል ለመውጣት በመጨረሻዋ ኳስ 6 ነጥብ ያስፈልጋታል። የአውስትራሊያው አምበል ግሬግ ቻፔል ወንድሙን ትሬቨርን ኳሷን መሬት ለመሬት አንከባላት አለው። የምትንከባለል ኳስ ከሜዳ ውጪ አትመታም። መቺው ብራያን መኬክኒ አቆማትና ዱላውን ወረወረ። ሕጋዊ ነበር። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ፈሪነት ነው አሉ፤ በአንድ ቀን ጨዋታም በኋላ ተከለከለ።

የተገላቢጦሹም አለ። በ1947 ህንዳዊው ቪኑ ማንካድ ኳስ ሳይወረወር ከመስመር የሚሸሸውን ቢል ብራውንን አስወጣ። ማንካድ ሕጉን ተከትሎ ስሙ ለአሠርት ዓመታት የነውር መጠሪያ ሆነ። ሌባውን ትቶ ባለቤቱን መክሰስ ነው። ያኔም የተጋጣሚው አምበል ብራድማን ማንካድን ተከላክሎለታል። የሕጉ ባለቤት የሆነው የለንደኑ ኤም ሲ ሲ ክለብ አንቀጹን «ተገቢ ያልሆነ ጨዋታ» ከሚለው ክፍል ያወጣው በ2022 ነው።

ከዚያ ሐምሌ 2023 ደረሰ። በዚሁ ክለብ ሜዳ፣ ሎርድስ። እንግሊዛዊው ጆኒ ቤርስቶው ኳሷን ጎንበስ ብሎ አሳለፈና ያለቀች መስሎት ከመስመሩ ወጣ። አውስትራሊያዊው አሌክስ ኬሪ ዘንጎቹን መታ። ወጣ ተባለ። ግሬስ ሳሚ ጆንስ ላይ ያደረገው፣ ከ141 ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ለንደን፣ በተራው ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን የተቆጡት እንግሊዞቹ ናቸው። አውስትራሊያዎቹ ለምሳ ሲገቡ የሚያልፉት ሎንግ ሩም በሚባለው የአባላት አዳራሽ ነው። ስድቡ እዚያ ጠበቃቸው፤ ሱፍ ለብሰው ከረባት ካሰሩ ሰዎች። ክለቡ በዚያው ቀን ሦስት አባላቱን አገደ።