ሉትሮና ግሊካ ኔራ፦ መኪና የማይደርስበት የቀርጤስ ባሕር ዳር

ሉትሮ የመኪና መንገድ የላትም። የቦታው ጸጥታም የጉዞው ጣጣም የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ መጀመሪያ ይህን እንያዝ። ሉትሮ በግሪኳ ደሴት በቀርጤስ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ስፋክያ በሚባለው አካባቢ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ነጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ በርና መስኮት፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ሰላጤ፣ ከኋላዋ ቀጥ ያለ ተራራ። የሚደረሰው በጀልባ ወይም በእግር ብቻ ነው። ከእሷ በስተምሥራቅ 1 ሰዓት ያህል በእግር ሲሄዱ ደግሞ ግሊካ ኔራ አለ። ገደል ሥር የተዘረጋ የጠጠር ባሕር ዳር ነው፣ መኖሪያ ቤት የለውም፣ መንደር የለውም። ሜዲትራንያን ላይ ጸጥ ያለ የመዋኛ ቦታ ለሚፈልግ ሰው እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይበጃል፣ ምክንያቱም አንዷ ማደሪያ ናት፣ ሌላው መዋያ።

የግሊካ ኔራ ስም "ጣፋጭ ውሃ" ማለት ነው፣ ጨው የሌለበት ውሃ ለማለት። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣም። ባሕሩ ዳር ጠጠሩን በእጅ ጫር ጫር ቢያደርጉት ከሥር ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ይወጣል። ከኋላ ያሉት ነጭ ተራሮች (ግሪኮቹ ሌፍካ ኦሪ ይሏቸዋል) በኖራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፣ ከፍተኛው ጫፋቸው ፓክነስ 2,453 ሜትር ይደርሳል። በብርዱ ወራት የሚጥለው በረዶና ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅ ይሰርግና በተራራው ሆድ ውስጥ ተጉዞ ባሕሩ ጫፍ ላይ ይወጣል። ሲዋኙ ድንገት አንድ ቦታ ላይ ውሃው ቀዝቀዝ ካለ አይደንግጡ፣ ምንጩ ከታች እየገባ ነው። በእኔ እምነት ከቀርጤስ ተፈጥሮ ይህን የሚያህል የሚያስደንቅ ነገር ጥቂት ነው። ቢሆንም ሰው በሚበዛበት ወቅት ብዙ እጅ የገባበትን ጉድጓድ ከመጠጣት ይልቅ የራስን ውሃ ይዞ መሄድ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ብዙ አንባቢ ሳያውቀው ስለሚያውቀው ታሪክ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቧ ቀርጤስ ትደርሳለች። "መልካም ወደብ" በተባለው ቦታ ይቆማሉ። ይህ ስም እስከ ዛሬ አለ፣ በግሪክኛ ካሊ ሊሜኔስ ይባላል፣ ከሉትሮ በስተምሥራቅ በዚያው በደቡብ ዳርቻ ላይ ነው። ወደቡ ለመክረም አይመችም ተብሎ መርከበኞቹ ወደ ምዕራብ ሄደው ፊኒክስ የሚባል ወደብ ለመክረም ይመክራሉ። ያ ፊኒክስ አብዛኞቹ አጥኚዎች እንደሚስማሙበት እዚሁ ሉትሮ ያለችበት፣ እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ የገባው መሬት ላይ ነው። ክርክሩ ወደቡ ከምላሱ በየትኛው ጎን እንደነበረ ነው፤ አንዳንዱ በምሥራቅ በኩል የዛሬዋ ሉትሮ ናት ይላል፣ ሌላው በምዕራብ በኩል ያለው ሰላጤ ነው ይላል። የምዕራቡ ሰላጤ ስሙ እስከ አሁን ፊኒካስ ነው። ጳውሎስ ግን ወደቡን አላየውም። ልከኛ የደቡብ ነፋስ ነፍሶላቸው እንደተነሡ ከደሴቲቱ በኩል ብርቱ ዐውሎ ወረደባቸውና መርከቧን ወደ ባሕሩ ገፋት። በአንዲት ትንሽ ደሴት ተጠግተው አለፉ። ያቺ ደሴት የዛሬዋ ጋቭዶስ ናት፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ከዚህ ዳርቻ በደቡብ በኩል ትታያለች። ከዚያ በኋላ ማልታ ላይ እስኪሰበሩ ድረስ መንገዳቸው ሁሉ ማዕበል ነበር።

ይህን የማነሳው እንደዚያ ያለ ድንገተኛ ነፋስ ዛሬም ስላለ ነው። በበጋቸው፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከሰሜን የሚነሳው ሜልተሚ የሚባለው ነፋስ ተራራውን ተሻግሮ በሸለቆዎቹ ቁልቁል ይወረወራል። ደቡቡ ዳርቻ ከሰሜኑ ይልቅ የተከለለ ይመስላል፣ ብዙ ቀንም እንደዚያው ነው፣ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ይውላል። ግን የነፋሱ ቀን ሲመጣ በድንገት ነው የሚመጣው። የደቡብ ነፋስ ሲሆን ደግሞ ማዕበሉ ቀጥታ ጠጠሩ ላይ ይወጣል። በሁለቱም ጊዜ ጀልባ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመመለሻ በረራው ከሰዓት ነውና ጠዋት ከሉትሮ እነሳለሁ ብሎ ማቀድ ስህተት ነው፤ ከበረራው በፊት ያለውን ሌሊት ሰሜን ዳርቻ ላይ ሀንያ ከተማ ማደር ነው የሚሻለው። ለጉዞው በጠቅላላው ቢያንስ አንድ ትርፍ ቀን መያዝ ያስፈልጋል።

መድረሻው እንዲህ ነው። ወደ ሀንያ ይበራሉ፣ ወይም ከአቴና ወደብ ከፒሬየስ በሌሊት መርከብ ወደ ሱዳ ይመጣሉ (ይህ የሀንያ ወደብ ስም ነው፣ ከሱዳን ጋር አይገናኝም)። ከሀንያ በኬቴል የሕዝብ አውቶቡስ ወደ ሆራ ስፋክዮን መውረድ ነው፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ። አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ሰዓቱን ከጀልባው ሰዓት ጋር አስቀድሞ ማዛመድ ግድ ነው። መጨረሻ ላይ መንገዱ ከተራራው አናት ወደ ባሕሩ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ መኪና ላይ ራሱን የሚያዞረው ሰው ከፊት ይቀመጥ። ይህ መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። በ1941 በግንቦት መጨረሻ ጀርመኖች ቀርጤስን ሲይዙ በሺዎች የሚቆጠሩ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወታደሮች እነዚህን ተራሮች በእግር ተሻግረው ከሆራ ስፋክዮን ዳርቻ በሌሊት በመርከብ ወጥተዋል፣ መርከብ ያልደረሰላቸውም ብዙዎች እዚያው ተማርከዋል።

ከሆራ ስፋክዮን ወደ ሉትሮ በጀልባ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ትኬት ወደቡ ላይ ይቆረጣል። መስመሩ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ አያ ሩሜሊ ይደርሳል፣ የሰማርያ ሸለቆ መውጫ ማለት ነው። ይህ ለእቅድ ይጠቅማል። ሸለቆው 16 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ ነው፣ በሞቃቱ ወቅት በየቀኑ ብዙ ሰው ይወርደዋል፣ ያ ሁሉ ሰው ከሰዓት በኋላ በጀልባ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የማታው ጀልባ ይጨናነቃል፣ የጠዋቱ ግን ክፍት ነው። ሉትሮም ቀን ላይ የደርሶ መልስ ጎብኚ ይበዛባታል። የመጨረሻው ጀልባ ሲሄድ መንደሩ ወዲያው ይቀየራል። የመኪና ድምፅ የለም፣ የሞተር ድምፅ የለም፣ የሚሰማው የፍየል ቃጭል፣ የሳህን ኳኳታና ጠጠር ላይ የሚመለስ ውሃ ነው። ይህን ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ማደር አለበት። ለግማሽ ቀን መጥቶ "ሰው በዝቶበታል" ብሎ የሚመለስ ሰው ቦታውን አላየውም።

በእግር የሚሄዱበት መንገድ ኢ4 የሚባለው ረጅም የአውሮፓ የእግር ጎዳና አካል ነው፣ በቢጫና ጥቁር ምልክት ይታወቃል። ከሆራ ስፋክዮን ወደ አኖፖሊ የሚወጣውን የመኪና መንገድ ትንሽ ይዘው፣ ከመጠምዘዣው ላይ ወደ ግራ ሲታጠፉ የእግር መንገዱ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ግሊካ ኔራ፣ ከግሊካ ኔራ ወደ ሉትሮ፣ በድምሩ ከ2 እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ርቀቱ አያስፈራም፣ መሬቱ ግን ቀልድ አይደለም። አንዳንድ ቦታ መንገዱ የገደል ወገብ ላይ የተቆረጠ ጠባብ ደረጃ ነው፣ ከታች ባሕር ነው፣ መደገፊያ የለም። ከፍታ የሚፈራ ሰው፣ ትንሽ ልጅ የያዘ ሰው ወይም በነጠላ ጫማ የመጣ ሰው በጀልባ ይሂድ፣ በበጋ ትንንሽ ጀልባዎች ወደ ግሊካ ኔራ ያደርሳሉ። ጥላ የሚባል ነገር በመንገዱ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት በጊዜ መነሳት፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፣ ኮፍያ፣ ሰንስክሪን። ጥቁር ቆዳ ጸሐይ አይጎዳውም የሚሉ ወገኖች አሉ፣ ይጎዳዋል፤ ነጭ ድንጋይና ባሕር ላይ የሚያንጸባርቅ ጸሐይ ደግሞ ከሁለት ወገን ነው የሚመታው።

ግሊካ ኔራ ሲደርሱ የሚያገኙት ጠጠር፣ ጥቂት ዛፎችና በበጋ የምትከፈት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ናት። ከገደሉ ሥር ተጠግቶ መተኛት ጥሩ አይደለም፣ ድንጋይ ይወድቃል፣ ፍየሎቹ ከላይ ሲረግጡ ጭምር። ራቁታቸውን የሚዋኙ ሰዎች እዚህ የቆየ ልማድ አላቸው፣ ይህ የሚከብደው ቤተሰብ አስቀድሞ ይወቀው። ድንኳን ተክሎ ማደር በግሪክ ሕግ ከተፈቀደው ካምፕ ውጭ ክልክል ነው።

ዋናን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ብዙዎቻችን ያደግነው ባሕር በሌለበት ነው፣ ዋና የተማርን ካለንም ገንዳ ውስጥ ነው። እዚህ ጠባቂ የለም። የጠጠር ዳርቻ ደግሞ እንደ አሸዋ ቀስ እያለ አይጠልቅም፣ ጥቂት እርምጃ ሄደው ውሃው ከቁመት ሊያልፍ ይችላል። ዋና የማይችል ሰው ሕይወት አድን ጃኬት ይዞ ይምጣ፣ ማዕበል ባለበት ቀን ደግሞ እግሩን ብቻ ይንከር። ድንጋዮቹ ላይ እሾሃም የባሕር እንስሳ ስላለ የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። መኪና ስለማይገባ ርዳታ የሚመጣው በባሕር ነው፣ ጊዜ ይወስዳል።

መቼ መሄድ? ሰኔና መስከረም። በሰኔ ቀኑ ረጅም ነው፣ ሰው ገና አልበዛም። በመስከረም ውሃው ሞቅ ብሎ ይቆያል፣ የበጋው ሙቀት ግን ይበርዳል። ጀልባና ማረፊያ በሙሉ ኃይላቸው የሚሠሩት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ነው፣ ከዚያ ውጭ መንደሩ ይዘጋጋል። የማይመከረው በፈረንጆች ኦገስት 15 አካባቢ ነው። ያ ቀን የግሪኮች ፍልሰታ ነው፣ አገሩ ሁሉ ዕረፍት ላይ ይሆናል፣ ክፍል ከወራት በፊት ያልያዘ ሰው አያገኝም።

ከእኛ ጋር የሚገናኝ ሌላም ነገር አለ። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ከእኛ ፋሲካ ጋር አንድ ቀን ይውላል። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ ወቅት የሚጓዝ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ "ኒስቲሲሞ" ብሎ ይጠይቅ፣ የጾም ምግብ ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ግን ልብ ይበሉ፣ እነሱ ሽሪምፕና ኦክቶፐስን ከጾም ምግብ ይቆጥራሉ። ያን የማይበላ ሰው ባቄላ፣ የዱር ቅጠላ ቅጠል ወይም ቲማቲምና የወይራ ዘይት ያለበትን የገብስ ደረቅ ዳቦ ይዘዝ። ጾም ላልሆነ ቀን ደግሞ የስፋክያ ፒታ አለ። ስስ ቂጣ ነው፣ ውስጡ ለስላሳ አይብ፣ ላዩ ላይ ማር። ማሩ በአብዛኛው ንቦች ከተራራው ጦስኝ የሚቀስሙት ነው፣ ሽታው ይለያል።

የወረቀት ጉዳይ በአጭሩ። ግሪክ ሼንገን በሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ክልል ውስጥ ናት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው፣ ከአዲስ አበባም ይነሳ ከዱባይ፣ ቪዛ ያስፈልገዋል። ክፍያው ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል፣ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ መግባት ይችላል፣ ከ15 ቀን ያነሰ ሲቀር ግን አይሆንም። በሌላ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይሄዳል። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸውም ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም። ቪዛው እጅ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል አለመያዝ ነው፤ ሉትሮ ላይ ያሉት ማረፊያዎች ትንንሽና በአብዛኛው የቤተሰብ ናቸው፣ እስከ ስንት ቀን ድረስ መሰረዝ እንደሚቻል አስቀድሞ መጠየቅ አያሳፍርም። ጥሬ ገንዘብ ከሀንያ ይዞ መምጣት ይሻላል፣ የሚጠቀለል ሻንጣ ደግሞ ቤት ይቅር፣ በመንደሩ ውስጥ የሚኬደው በጠጠርና በደረጃ ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ያለው ሰው አንዱን ቀን ለግሊካ ኔራ፣ ሌላውን ወደ ምዕራብ ይስጥ። ከመንደሩ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ሲወጡ የአሮጌ ምሽግ ፍርስራሽ አለ፣ ከዚያ ማዶ ፊኒካስና ሊኮስ ይታያሉ። ትንሽ ገፍተው ሲሄዱ የአራዴና ሸለቆ አፍ ላይ ማርማራ ይገኛል፣ ባሕሩ የፈለፈላቸው ዋሻዎች ያሉበት ትንሽ መዋኛ ነው። በእግሩ የሚተማመን ሰው ከዚያም አልፎ ወደ አያ ሩሜሊ ይቀጥላል። እዚያ ሳይደርስ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ከባሕሩ ጥቂት እርምጃ ርቃ በዚያው ጠጠር ድንጋይ የተሠራች የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለች፣ በቅዱስ ጳውሎስ ስም። የአካባቢው ሰው ጳውሎስ እዚህ ወርዶ በምንጩ ውሃ አጥምቋል ብሎ ይናገራል።