ሜሪ ሮዝ፦ የሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ አሠራርና ባሕርተኞቿ

ሜሪ ሮዝ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዙፋን ከያዘ ብዙም ሳይቆይ በፖርትስመዝ ያሠራት፣ እ.ኤ.አ. በ1511 ባሕር ላይ የወረደች ባለ አራት ምሰሶ የሸራ የጦር መርከብ ናት። ከ34 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጁላይ 19 ቀን 1545 በሶለንት ወሽመጥ ከፈረንሳይ መርከቦች ጋር ስትዋጋ ሰጠመች።

አካሏ በአብዛኛው ከኦክ እንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ከሥር የተሸከማት አከርካሪዋ ግን የኤልም እንጨት ነው። የጎኗ ሳንቃዎች እንደ ቀደሙት የሰሜን አውሮፓ መርከቦች የተደራረቡ ሳይሆኑ ጠርዝ ለጠርዝ የተጋጠሙ ናቸው። ጎኗን በስቶ ክዳን ያላቸው የመድፍ መስኮቶች ማውጣት የተቻለውም በዚህ አሠራር ነው፤ ከባዱን መድፍ ከላይ ከመጫን ይልቅ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ በዘመኑ ታላቅ የሙያ እርምጃ ነበር። በ1546 ለንጉሡ የቀረበው በሥዕል ያጌጠ የባሕር ኃይል መዝገብ የነሐስና የብረት መድፎቿን ብዛት 91 ያደርሰዋል።

ይኸው መዝገብ 200 መርከበኞች፣ 185 ወታደሮችና 30 መድፈኞች፣ በድምሩ 415 ሰዎች እንደነበሯት ይናገራል። ከአደጋው የተረፉት ከ40 አይበልጡም፤ ጠላት ዘሎ እንዳይገባ ከላይ የተዘረጋው መረብ ብዙዎቹን ሳያስወጣ አስቀርቷል። ፈረንሳዮች በመድፋችን መታናት ቢሉም፣ ከተረፉት አንዱ እንደተናገረው በአንድ ጎኗ ተኩሳ ስትዞር ድንገተኛ ነፋስ አዘንብሏት ውሃ በተከፈቱት መስኮቶች ገብቶባት ሳይሆን አይቀርም።

በቀኝ ጎኗ ተኝታ ደለል ስለሸፈናት ግማሽ አካሏ ሳይበሰብስ ቆይቶ ኦክቶበር 11 ቀን 1982 ከባሕር ወጣ። ከ19,000 በላይ ዕቃዎችም አብረው ተገኝተዋል። 172 ረጃጅም ቀስቶችና በሺህ የሚቆጠሩ ፍላጻዎች፣ መድፍ በነገሠበት መርከብ ላይ ቀስተኛው ገና ሥራ እንዳልፈታ ያሳያሉ። ከታችኛው ክፍል የተገኙት ሁለት የጡብ ምድጃዎች ለዚያ ሁሉ ሰው ወጥ የሚበስልባቸው ነበሩ። የእንጨት ጎድጓዳ ሳህኖቹ ላይ ባለቤቶቹ የየራሳቸውን ምልክት በቢላ ጭረዋል፤ ከማበጠሪያዎቹ ጥርስ መካከል የቅማል ቅሪት ተገኝቷል፤ በሐኪሙ ሣጥን ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱ ከነዕቃው ተቀምጦ ነበር። ከአናጢው ክፍል በር አጠገብ የተገኘው የትንሽ ውሻ አጽም ዛሬ መርከቧ በተሠራችበት በፖርትስመዝ፣ በስሟ በቆመው ሙዚየም ይታያል።