2,147,483,647፦ አንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥርና የሚወራበት ስህተት

ጅማ ውስጥ ማታ ማታ ሒሳብ የማስጠናቸው ልጆች አሉ። ብቸኛ ቁጥርን የማሳያቸው በቡና ፍሬ ነው፤ ጅማ ላይ ቡና አይጠፋ። 12 ፍሬ በሦስት ረድፍ አራት አራት ሆኖ ይደረደራል። 13 ግን ቢያገላብጡት ከአንድ ረድፍ በቀር እኩል አይደረደርም፤ ብቸኛ ነው። ሰሞኑን 2,147,483,647ን ሰሌዳው ላይ ጽፌ «ይህም ብቸኛ ነው» ስል ክርክሩ ፈላ።

«በ7 ስለሚያልቅ ነው።» 57ም በ7 ያልቃል፣ ግን 3 ጊዜ 19 ነው። (57 ያልሸወደው ሰው ጥቂት ነው።)

«ለማረጋገጥ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ቢሊዮን ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል።» ብዙ አዋቂም የሚያምነው ይህን ነው። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም፤ የዚህ ስኩዌር ሩት ደግሞ 46,341 አይሞላም። ቁጥሩ 31 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ ስለሆነ ሥራው ከዚህም ይቀላል፦ አካፋይ የሚሆነው ብቸኛ ቁጥር ቢኖር ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን ግድ ነው። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉት ቁጥሮች 400 አይሞሉም። የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ብቸኛነቱን ሲያሳውቅ ካልኩሌተር ቀርቶ የሚያይ ዓይን እንኳ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

«31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ውጤቱም ብቸኛ መሆኑ አይቀርም።» ይቀራል። 11ም ብቸኛ ነው፤ 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ግን 2,047 ይመጣል፣ እሱም 23 ጊዜ 89 ነው። መርሴን የተባለው የፈረንሳይ መነኩሴ እንኳ በ1644 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ብቸኛ ይሆናል ብሎ ተሳስቷል፤ ኮል የተባለ አሜሪካዊ በ1903 የዚያን ቁጥር አካፋዮች 193,707,721 እና 761,838,257,287 መሆናቸውን አሳየ።

«አንድ ቀን የመጨረሻው ብቸኛ ቁጥር ይገኛል።» አይገኝም፤ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት አሳይቶ ዘግቶታል። በ2024 የተገኘው 41,024,320 አሃዞች አሉት፤ እሱም የእስካሁኑ ትልቁ እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

«ኮምፒውተር ውስጥ በየቦታው የሚታየው ብቸኛ ስለሆነ ነው።» ይህ ግጥጥሞሽ ነው። ከ32 ቢት (0 ወይም 1 ከሚያዝባቸው ቦታዎች) አንዱ ለፕላስና ማይነስ ምልክት ሲያዝ 31 ይቀራል፤ በዚያ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። 32ቱም ለቁጥሩ ቢውሉ 4,294,967,295 ይሆን ነበር፣ ለ5 የሚካፈል። ከ1970 መባቻ ጀምሮ ሰከንድ በዚህ ልክ የሚቆጥሩ አሮጌ ሲስተሞች ቁጥሩ የሚሞላባቸው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ያልታደሰ ሰዓት ካለ ታቦታቱ ገና ከጥምቀተ ባሕሩ ሳይነሱ ቁጥሩ ወደ ማይነስ ዞሮ ወደ እ.ኤ.አ. 1901 ይመለሳል።