የጎጃም ጥንድ አዝማሪዎች

ጥንድ አዝማሪዎች ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ማሲንቆ ይመታል፤ እሷ ታዜማለች፣ እስክስታም ትወርዳለች። የማሲንቆው ክር አንድ ብቻ ነው፤ ከፈረስ ጭራ ይሠራል። በጎጃም ሠርጉም ጠጅ ቤቱም የሚደምቀው በእነሱ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ እነሱ በዜማ ይመልሱለታል። ስለዚህ የሚዜመው የቤቱ ሁሉ ብሶት ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ጉባኤ ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ ስንቱን ሊቅ አፍርተዋል። የቅኔ ጀማሪ ቅዱስ ያሬድ ነው የሚሉ አሉ፤ ጎጃሜ ግን ከጎንጁ ሊቅ ከተዋነይ ሌላ ጀማሪ አለ ቢሉት አይሰማም። ሰምና ወርቁ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ማሲንቆው ላይም አርፏል።

ሰሙ አገሩ ነው፦ ጮቄ ተራራ፣ ከጮቄ የሚወርዱት ጨሞጋና ሙጋ፣ ጣና፣ ጎጃምን የከበበው ዓባይ። ወርቁ ፍትሕ ነው። «ዓባይ» ሲባል ወንዙም ነው፣ ዋሾውም ነው። ሹሙ ስለ ወንዝ የተዘፈነ መስሎት ያጨበጭባል፤ ባለጉዳዩ ግን ማን እንደተነካ ያውቃል።

የጥንቶቹ አዝማሪዎች መሳፍንትን ሲያወድሱም ሲሸነቁጡም ኖረዋል። በ1937 ዓ.ም. የተሰቀለው አርበኛ በላይ ዘለቀ ስሙ ከጎጃም ዘፈን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ግን የመሬት ነገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ገበሬው መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ሠጋ። ሞጣ፣ ዳሞትና ብቸና አመፁ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ጎጃሜ ይህን እንደ ድል ይቆጥረዋል፤ መቁጠሩም ተገቢ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ መሬት እንደገና ተደለደለ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሥራ ነበረው የተባለ ገበሬ «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ወጣለት፤ ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዝም ተደረገ። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ 4ቱ 1 ሄክታር ገደማ ይሆናሉ። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች አገኙ። የተቆረሰባቸው አንጀታቸው አረረ። ሁለቱም ወገን ገጠመ። በዚያን ጊዜ ከምሥራቅ ጎጃም የተሰበሰቡት የገበሬ ግጥሞች ምስጋናም ምሬትም አላቸው። በደቦ ላይ የተገጠመ ስንኝ ጠጅ ቤት ሲደርስ ጥንዶቹ ያነሡታል፤ የገጣሚው ስም ይቀራል፣ ነገሩ ይዞራል።

ዛሬ የጮቄ አፈር በየክረምቱ ወደ ዓባይ እየታጠበ ነው። ስለ አገሩ ሲዜም ይህም አብሮ ይነሣል።

«አዝማሪ» ከግእዙ «ዘመረ» የመጣ ስም ነው። እንዲያም ሆኖ ለረጅም ዘመን መናቂያ ነበር፤ ጨዋ ነኝ ባይ ልጁን ለአዝማሪ አይድርም ነበር። ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ለሰው ርስት ሲያዜሙ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ርስት አልነበራቸውም። ገቢያቸው ግንባራቸው ላይ የሚለጠፈው ብር ነው።