«ያልገባው ጉግል ያድርግ!»፦ በፋን ፊክሽን ውስጥ ጠቀሳን ስለ ማብራራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፋን ፊክሽን የሚጽፍ ሰው የሌላ ደራሲ ገጸ ባሕሪያትን ተውሶ አዲስ ታሪክ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ብድሩ እዚያ ላይ አያበቃም። መሀል ላይ ከሮማዊው ገጣሚ ከሆራስ አንድ ስንኝ፣ ከሼክስፒር አንድ ሐረግ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ስም ጣል ያደርጋል፤ ጠቀሳ የምለው ይህንን ነው። ከዚያ ይጨነቃል፦ ከየት እንደመጣ ለአንባቢ ልንገረው ወይስ ልተወው? ጸሐፊዎቹ በዚህ ሲከራከሩ እንደ ሕግ የሚጠቅሷቸው፣ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ግን የማይቆሙ አባባሎች አሉ። ለምሳሌ የምይዘው የልብ ወለዱን መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን ነው። አድናቂዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጽፉበት ኖረዋል፤ ፈጣሪው አርተር ኮናን ዶይልም መጥቀስ የሚወድ ሰው ነበር። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ማብራራት አንባቢን መናቅ ነው፤ ትልቅ ደራሲ አያብራራም»

ይህን የሚሉት ሰዎች ትልልቆቹን ደራሲዎች ገልጠው ያዩ አይመስለኝም። ኮልሪጅ በ1798 ያሳተመውን የአሮጌውን መርከበኛ ረጅም ግጥም በ1817 ዳግም ሲያወጣው፣ ኅዳጉ ላይ በስድ ንባብ ማብራሪያ ጨመረበት። ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1922 ያወጣው፣ በጠቀሳ የታጨቀው ታዋቂ ግጥሙ መጀመሪያ በመጽሔት ሲታተም ማስታወሻ አልነበረውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በመጽሐፍ ሲወጣ ግን ገጽ በገጽ ላይ የሚደራረብ ማስታወሻ ተከትሎት መጣ። ምክንያቱን ራሱ በ1956 በሰጠው ንግግር ተናዘዘ። መጀመሪያ ያሰበው «ሰረቀ» የሚሉትን ተቺዎች አፍ ለማስያዝ የጥቅሶቹን ምንጭ ብቻ መዘርዘር ነበር። ግጥሙ ለመጽሐፍ አጭር ሆኖ ሲገኝ ግን ገጽ ለመሙላት ማስታወሻውን አስረዘመው። ስንቱን ሰው ታሮት የሚባለውን የጥንቆላ ካርታና ቅዱስ ጽዋ ፍለጋ ማንከራተቱ እንደሚጸጽተውም አልሸሸገም።

ስለዚህ ማብራራትን የጀማሪ ምልክት ማድረግ አያስኬድም። እኛም ዘንድ ቢሆን ዳዊቱን በቃሉ የያዘ ተማሪ መምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ አንድምታ ሲሰማ «ተናቅሁ» አይልም። ንቀት የሚመጣው ከአነጋገሩ ነው። «ክላሲክ አንብባችሁ ለማታውቁት» ብሎ የሚነሳ ማስታወሻ ያስቀይማል። «የምዕራፉ ርእስ ከሆራስ የተወሰደ ነው» የሚል ማንንም አይነካም።

«ዘመኑ የጉግል ነው፤ ያልገባው ይፈልግ»

ሰው የሚፈልገው እንዳልገባው ያወቀውን ነገር ነው። የመጀመሪያው የሆምስ ታሪክ በ1887 ሲወጣ የተዘጋው ባልተተረጎመ የሆራስ ላቲን ነው። አንድ ንፉግ ሰው «ሕዝቡ ያፏጭብኛል፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሣጥን ውስጥ ያለውን ገንዘቤን ሳይ ለራሴ አጨበጭባለሁ» ይላል። ላቲን የማያውቅ አንባቢ እዚያ ሲደርስ ይደናቀፋል፣ ስልኩን ያወጣል፣ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሳል። ለዚህ ጉግል በቂ ነው።

አሁን አንድ ፋን ፊክሽን ውስጥ የሆምስ ጓደኛና የታሪኮቹ ተራኪ ዶክተር ዋትሰን ለንደን ውስጥ ቻሪንግ ክሮስ ወዳለው ባንክ ጎራ ብሎ አንድ የተደበደበ የቆርቆሮ ሣጥን አስወጣ እንበል። በ1922 የወጣውን ታሪክ ያነበበ ሰው ልቡ ዘለል ትላለች፤ ያ ሣጥን ዋትሰን ለሕዝብ ያላወጣቸውን የሆምስ ጉዳዮች መዝገብ ያስቀመጠበት ነው። ሌላው አንባቢ የሚያየው ሣጥን ነው። የቆርቆሮ ሣጥን ምን ብሎ ጉግል ያደርጋል? ከሁሉ የሚገርመኝ ብዙ ጸሐፊ ላቲኑን በትጋት ተርጉሞ ሣጥኑን ዝም ብሎ ማለፉ ነው። ማስታወሻ የሚያስፈልገው ግን ሣጥኑ ነበር።

«የእኛ አንባቢዎች ሁሉንም ያውቁታል»

አያውቁም። የሆምስ አድናቂ የሚመጣው በብዙ በር ነው፤ አንዱ ከመጽሐፉ፣ ሌላው ከፊልሙ፣ በጣም ብዙው ደግሞ ቢቢሲ በ2010 ከጀመረው ተከታታይ ድራማ። የመጨረሻው ወገን የሆምስን ኮት አንገትጌ ሳይቀር ይነግርሃል፤ ሆምስ ትምባሆውን የፋርስ ነጠላ ጫማ ጫፍ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ግን ላይሰማ ይችላል።

«ጠቀሳው ካልተያዘ ትዕይንቱ ከሸፈ»

ትዕይንቱ በጠቀሳው ብቻ የቆመ ከሆነ፣ አዎ። ግን እንደዚያ መሠራት የለበትም። በ1887ቱ ታሪክ ግድግዳ ላይ በደም የተጻፉ አምስት የላቲን ፊደላት (RACHE) ይገኛሉ። ኢንስፔክተር ሌስትሬድ «ራቸል የሚለውን የሴት ስም ሊጽፍ ሲል ተቋርጦ ነው» ይላል፤ በላቲን ፊደል የቀረው አንድ ፊደል ብቻ ነውና። ሆምስ ይስቅበታል፤ ቃሉ ሙሉ ነው፣ በጀርመንኛ «በቀል» ማለት ነው። በ2010ሩ ድራማ እነዚያው ፊደላት ተመልሰው መጡ፤ አሁን ግን «ጀርመንኛ ነው፣ በቀል ማለት ነው» የሚለው የፖሊሱ ባለሙያ ሆነ። ሆምስ ያጣጥለውና የሴት ስም መሆኑን ይናገራል።

አንድም ሰው ቆሞ «ይህ ከመጽሐፉ ተገልብጦ የተወሰደ ነው» አላለም። መጽሐፉን የማያውቅ ተመልካች ፍንጩን ይከተላል፣ ታሪኩ ይገባዋል፣ ምንም አይጎድልበትም። የሚያውቀው ከዚያ በላይ ይስቃል። ለሁለቱም በቂ የሆነ ትዕይንት ማስታወሻ አያሻውም፤ ጨመረ አልጨመረ የጸሐፊው ፈቃድ ነው። ሉዊስ ካሮል በ1865 በአሊስ መጽሐፉ ያፌዘበት አንድ ግጥም የሮበርት ሳውዚ የ1799 የምክር ግጥም ነበር። ዛሬ ሳውዚን የሚያስታውስ ልጅ የለም፤ በፌዙ የሚስቁ ግን አሁንም አሉ።

«ማብራሪያ ማለት የግርጌ ማስታወሻ ማለት ነው»

ይህ አመለካከት ጸሐፊውን ያለ አግባብ ያስጨንቀዋል፤ ወይ ዝም በል፣ ወይ ቁጥር ለጥፈህ ከታች አስተምር ይለዋል። ሌላ መንገድ አለ፤ ያውም ኮናን ዶይል ራሱ በ1893 «ጎባጣው ሰው» በተባለው ታሪኩ አሳምሮ ሄዶበታል።

ኮሎኔል ጄምስ ባርክሌይ ከሚስቱ ጋር ክፍል ዘግተው ሲጨቃጨቁ ቆይተው፣ እሱ ሞቶ እሷ ራሷን ስታ ይገኛሉ። ከዚያ በፊት የቤት ሠራተኛዋ ከበሩ ውጭ ሆና እመቤቷ ሁለት ጊዜ «ዴቪድ» ስትል ሰምታለች። ታዲያ በታሪኩ ውስጥ ዴቪድ የሚባል ሰው የለም። ባልየው ጄምስ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ልቧ የወደደው፣ ኋላ የሚገኘው ወታደርም ሄንሪ ነው። ስሙ ታሪኩን ሙሉ እንደ እሾህ ተሰክቶ ይቆያል። ሁሉ ነገር ተፈትቶ ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄዱ ዋትሰን «ታዲያ ያ የዴቪድ ነገር ምን ነበር?» ይላል። ሆምስ ወቀሳ መሆኑን ይነግረዋል፤ ዳዊትም ባርክሌይ በሳተበት መንገድ አንዴ ስቶ ነበር፣ የኦርዮንና የቤርሳቤህን ነገር ታስታውሳለህ አይደል? የመጽሐፍ ቅዱስ እውቀቴ ትንሽ ዝጓል፣ ግን አንደኛ ወይም ሁለተኛ ሳሙኤል ላይ ታገኘዋለህ ይለዋል። አለቀ።

ባርክሌይ ተቀናቃኙን ለጠላት አሳልፎ ሰጥቶ ልጅቷን አግብቷል። ሆምስ ንጽጽሩን በዝርዝር አያስተምርም፤ ሁለት ስምና የመጽሐፉን አድራሻ ሰጥቶ ቀሪውን ለዋትሰንና ለእኛ ይተወዋል። ጠያቂው መጠየቅ ያለበት ሰው ነው፤ መልሱ የመጣው እንቆቅልሹ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ አንደኛ ይሁን ሁለተኛ እርግጠኛ አለመሆኑ እንኳ የሆምስ ጠባይ ነው። (ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 ነው።) ማስታወሻ በማይመስል ማስታወሻ ከዚህ የተሻለ የተሠራ ብዙ አላየሁም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ይህን ታሪክ በአማርኛ ቢያነቡት ከኛ ሰው ስንቱ ገና «ዳዊት» ሲባል ይባንናል። ኦርዮንና ቤርሳቤህን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃቸዋለን። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ የማያውቅ የዛሬ የለንደን ወጣት ግን የዋትሰንን ጥያቄ አብሮ ይጠይቃል። በአንጻሩ እሱ በሕጻንነቱ ሲዘፍነው ያደገውን መዝሙር ጠቅሰው ቢጽፉ እኛ ነን የምናፈጠው። ጸሐፊው «ይህ ከባድ ነው፣ ያ ቀላል ነው» ብሎ ከራሱ ንባብ ተነስቶ ከወሰነ የሚያስረዳው የማያስፈልገውን ነው። ታሪኩን ሳይለቀው በፊት ከሱ የተለየ ነገር አንብቦ ላደገ አንድ ሰው ቢያሳየው ይሻላል፤ የት ላይ ቆሞ እንደጠየቀ፣ በተለይም የት ላይ ምንም ሳይጠይቅ እንዳለፈ ይመልከት።

«ማስታወሻ አንባቢን እንዲያዘጋጅ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ»

ከፋን ፊክሽን ትልልቅ የኢንተርኔት ማከማቻዎች አንዱ የሆነው፣ በ2009 ለሕዝብ የተከፈተው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦን ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ከፊትም ከኋላም የማስታወሻ ቦታ ሰጥቷል። ብዙዎች ሁሉንም ከፊት ያጭቁታል። ከፊት መሆን ያለበት አንባቢን ሊረብሽ ስለሚችል ይዘት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። የጠቀሳ ማብራሪያ ከፊት ሲሆን ብዙ ጊዜ መጨረሻውን አስቀድሞ ይናገራል።

አንድ የዛሬ ዘመን ታሪክ እናስብ። ሁለት ጓደኛሞች ተራራ ላይ ሽርሽር ወጥተዋል። ሐኪም ለሆነው መልእክት ይደርሰዋል፤ ካረፉበት ሆቴል አንዲት እንግሊዛዊት በጠና ታማለች፣ የአገሯን ሐኪም ትፈልጋለች። «ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ ይወርዳል። በ1893 የወጣውን የስዊስ ፏፏቴ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ደሙ ይቀዘቅዛል፤ ዋትሰንን ከሆምስ የለየችው ያቺ የሐሰት ደብዳቤ ናት፣ ሲመለስ ሆምስ አልነበረም። የማያውቀው ደግሞ ምንም ሳይጠረጥር ይሄድና ከሐኪሙ ጋር አብሮ ይደነግጣል። ከፊት የተቀመጠ ማስታወሻ ሁለቱንም ይገድላል። ከኋላ ሲሆን ግን የማያውቀው «ለካስ!» ብሎ ሽቅብ ተመልሶ ያነባል።

«ማብራሪያ ካልሰጠሁ ምንጭም መናገር የለብኝም»

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በስሱ የተጠቀሰን ነገር ሳያብራሩ መተው ይቻላል። የሌላን ሰው ዓረፍተ ነገር እንዳለ አንስቶ በገጸ ባሕሪ አፍ ካስገቡ በኋላ ዝም ማለት ግን አይቻልም። «አዋቂው ያውቀዋል» የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ የማያውቀው የጸሐፊው ይመስለዋልና። የሆምስ ታሪኮች ከ2023 መግቢያ ጀምሮ በአሜሪካ ሙሉ በሙሉ ከቅጂ መብት ነጻ ስለሆኑ እዚያ ሕጉ አይናገርም። ግን አንድ አንባቢ ኮናን ዶይል የጻፋትን መስመር መርጦ «ይህቺ አባባል እንዴት ታምራለች!» ብሎ ሲያመሰግን ጸሐፊው ምን ሊመልስ ነው? ለዚህ ትንታኔ አያስፈልግም፤ ከምዕራፉ ሥር የትኛው ንግግር ከየትኛው ታሪክ እንደመጣ የሚናገር አንድ መስመር ይበቃል።